ቢላዋው ታጥቧል?

አክስቴ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ሊገዙ ሲሄዱ፣ ከዋጋው በፊት የሚጠይቁት "ቢላዋው ታጥቧል?" ብለው ነበር። ሻጩ "አጥቤዋለሁ" ቢላቸውም አያምኑትም፤ ዓይናቸው እያየ የፈላ ውሃ ካላፈሰሰበት ዓሣቸውን አያስነኩም። "አሁንስ አበዙት እትዬ!" እያለ ያጉረመርማል። እሳቸው ንቅንቅ አይሉም።

አስም ተነስቶባቸው ሆስፒታል ያስተኛናቸው ዕለት፣ ነርሷ የኦክስጅን ጭምብሉን አጠገባቸው ሲያስል ከቆየው በሽተኛ ፊት ላይ አንስታ፣ ሳታጥበው ለእሳቸው ልታደርግላቸው መጣች። ልናገር አፌን ስከፍት እጄን ጨመቅ አደረጉኝ።

"ተይ ልጄ፣ ሐኪም እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ነውር ነው።"

አስሙ ተሽሏቸው ነበር። የገደላቸው እዚያው የያዛቸው የሳንባ ምች ነው። ሐኪሙ ራሱ "ከጭምብሉ ተላልፎባቸው ሳይሆን አይቀርም" አለን። ለዓሣ ለመጠየቅ ያላፈሩ ሴት ለገዛ ሳንባቸው አፈሩ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን አሞራ ገደል ወረድኩ። ሻጩ መሞታቸውን ሰምቷል። ሳልጠይቀው ቢላዋው ላይ የፈላ ውሃ አፈሰሰና፣ አክስቴ ይቆሙበት ወደነበረው ባዶ ቦታ ከፍ አድርጎ አሳየ።

"ይኸው፣ ታጥቧል እትዬ" አለ።