በሽታውና ክላሹ

ታላቅ ወንድሜን «ጋሼ» እያልኩ ነው ያደግሁት። ወላጆቻችን በልጅነቴ ስላረፉ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። ደርግ ሲወድቅ እሱ የነበረበት የሐረር ጦር ተበተነ። እሱም መሣሪያውን አስረክቦ በወታደር ካፖርቱ ብቻ ቀረ። እኔ ታናሽ እህቱ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ እዚያው ሐረር ተመድቤ ነበር። ወደ አገራችን ወደ ጎጃም እንመለስ ስለው፣ እዚያ የሚጠብቀን ሰው እንደሌለ ነገረኝ። እናም በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተን መኖር ጀመርን።

የግቢው ባለቤት ሰፈርተኛው ሁሉ «ሐጂ» የሚላቸው አዛውንት ነበሩ። በሩ አጠገብ ሳሙናና ስኳር፣ ባትሪና ክብሪት የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ወንድሜን ገና ከመጀመሪያው ወደዱት። ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከዐስር ሶላት ሲመለሱ ጫታቸውን ይዘው እኛ ደጃፍ ይቀመጡና ስለ ግንባር ይጠይቁታል። እሱ ብዙ አያወራም፤ እሳቸውም አያስጨንቁትም። እንዲሁ አብረው ተቀምጠው ያመሻሉ።

ወንድሜ ሥራ ፍለጋ ብዙ ተንከራተተ። በመጨረሻ ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የቡና መጋዘን ጥበቃ ፈለገ። ባለቤቱ የሚመርጠው የራሱ መሣሪያ ያለውን ሰው ነበር። ወንድሜ ያለንን አሰባስቦ ክላሽ ገዛ፤ ፈቃድም አወጣበት። ከዚያ በኋላ ያ ክላሽ ለእኛ መተዳደሪያ ነበር፤ እኔም ከዚያ የተለየ ነገር ሆኖ አይቼው አላውቅም።

በሽታው የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በመጀመሪያ ከሐጂ ጋር መቀመጥ ተወ። ቀጥሎ ከግድግዳው ማዶ ሰዎች ስሙን እየጠሩ እንደሚመክሩበት ነገረኝ። ወጥ ሳቀርብለት እኔ ቀድሜ ካልጎረስኩ አይነካም። ጦርነቱ ያመጣበት ነው ብዬ ጠበል ወሰድኩት። እዚያም ሰዉ ሲበዛበት ጥሎኝ ተመለሰ። በስንት ልመና ሆስፒታል ስንሄድ፣ የአእምሮ ሕሙማንን የሚያይ አንድ ነርስ ተቀበለን። ወንድሜን እንደ ታላቅ ወንድሙ አክብሮ አናገረው፤ የሚዋጥ መድኃኒትም ሰጠው።

መድኃኒቱ ሠራ። ወንድሜ ተመልሶ ከሐጂ ጎን ተቀመጠ፤ አንድ ቀን እንዲያውም ሲስቅ ሰማሁት። ግን እንቅልፍ ያበዛበት ጀመር። መጋዘኑ በር ላይ ተኝቶ ተገኘና አሠሪው ሁለተኛ እንዳይደገም አስጠነቀቀው። መድኃኒቱን ከወሰድኩ ሥራዬን አጣለሁ አለኝ። ደግሞም አንዳንድ ጊዜ ወረፋ ጠብቀን ስንደርስ መድኃኒቱ አልቋል ይሉናል። በዚህ መሃል ተወው።

አንድ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስገባ ክላሹን ወደ በሩ ደግኖ አገኘሁት። እኔ መሆኔን ሲያይ አፈሙዙን ዝቅ አደረገው፤ ሌላ ሰው መስሎት እንደነበርም ነገረኝ። ዳቦውን አስቀምጬ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

የተቀበለኝ መኮንን እስክጨርስ ሰማኝ። ወንድሜ ሕጋዊ ፈቃድ እንዳለው፣ በሰው ላይ ያደረሰው ነገርም እንደሌለ አስረዳኝ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ርስት ሲካፈል፣ አብዷልና መሣሪያውን ቀሙልኝ የሚል እንደሚበዛም አጫወተኝ። «ሐኪም በጽሑፍ ያረጋግጥልኝ፤ ያን ጊዜ እወስደዋለሁ» አለኝ።

ወደ ነርሱ ሄድኩ። ወረቀቱን ስጠይቀው ፊቱ ተለወጠ።

«እህቴ፣ ይሄን ከጻፍኩ ነገ ከተማው ሁሉ ይሰማል» አለኝ። «ሆስፒታል የሄደ መሣሪያውን ይቀማል ከተባለ፣ ከገጠር የሚመጣ ገበሬም ሆነ ወታደር የነበረ ሰው እዚህ በር ድርሽ አይልም። አምጪውና ላክመው። የመሣሪያው ጉዳይ የፖሊስ ነው።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ግን የተናገረው እውነት መሆኑ ይገባኝ ነበር። መኮንኑም ያለ ምክንያት አልተናገረም። በሁለቱ መካከል ስመላለስ ከረምኩ። ወንድሜን ሆስፒታል እንሂድ ስለው፣ ከእነሱ ጋር መክረሽብኛል ይለኛል።

ይህን ሁሉ ያየሁትን ለሐጂ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እኔ ላነጋግረው» አሉ። ክላሹን ሱቃቸው ውስጥ ቆልፈው ሊያስቀምጡለት፣ ወደ ሥራ ሲሄድ ሊሰጡት፣ ሲመለስ ደግሞ ሊቀበሉት ነበር ሐሳባቸው። ሥራውንም አያጣ፣ እኛም እንተኛ። ከሁሉም ሰው ያገኘሁት የሚሆን መላ ይሄ ብቻ ነበር። ዛሬም ድረስ ከዚያ የተሻለ አልሰማሁም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ግቢው ውስጥ ልብስ አጥባለሁ። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው ወደ ክፍላችን ገቡና ወንድሜ አጠገብ ተቀመጡ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ የሚሉትን ሁሉ ባልሰማም «ልጄ» ሲሉት ሰምቻለሁ። ከዚያ ተኩሱ ተሰማ።

ሐጂ ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ። ወንድሜ አልሸሸም፤ ፖሊሶች ሲመጡ ክላሹን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ የላኩብኝን ሰው ያዝኩት አላቸው።

ከቀብሩ በኋላ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሞ ነበር። አንድ ሹም ከተማው በመሣሪያ ተጥለቅልቋል፣ ፈቃድ ያለውም የሌለውም ተቆጥሮ ይሰብሰብ አለ። ሌላው ተነሥቶ፣ ጠመንጃ ብቻውን ሰው አይገድልም፣ ያላየነው በሽታውን ነው፣ የአእምሮ ሐኪም ይጨመርልን አለ። ለስብሰባው ከገጠር የመጡ ሽማግሌዎች መሣሪያ ከተወሰደብን ከብታችንን ማን ይጠብቃል አሉ። ጭብጨባው አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይሆናል። እኔ ከኋላ ጥግ ይዤ በነጠላዬ ተሸፍኛለሁ። የሚባለው ሁሉ በፖሊስ ጣቢያውና በሆስፒታሉ ደጅ የሰማሁት ነው።

ሐዘን ላይ ያሉት የሐጂ ባለቤት ይናገራሉ ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ መካከል እንደተቀመጡ እጃቸውን አነሡ።

«ክላሹ አሁን የት ነው?» አሉ።

የፖሊስ ጣቢያው መኮንን ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን ተቆልፎበት እንደተቀመጠ መለሰላቸው።

«ልጁስ?»

ወህኒ ቤት ነው ተባሉ።

«መድኃኒቱን እዚያ ይሰጡታል?»

ከሹሞቹ መካከል የሚያውቅ አልነበረም። እሳቸውም ሻሻቸውን አስተካከሉ። ስብሰባው ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

ፍርድ ቤቱ ሕመሙን አይቶ ቅጣቱን አቀለለት፤ ቢሆንም ብዙ ዓመት ታሰረ። መድኃኒቱን ያ ነርስ በእኔ በኩል ይልክለት ጀመር። እኔም ከምሳው ጋር ወስጄ፣ ሲውጥ እያየሁ እመለስ ነበር። ውሎ አድሮ አእምሮው ተመለሰ። ሲመለስለት ነው ያደረገውን ያወቀው። አንድ ቀን ሳህኑን ገፋ አደረገና፣ «ሐጂ ምን ሊሉኝ ነበር የመጡት?» አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ ቀን በኋላ መድኃኒቱን የሚውጠው እኔ ስለምለምነው ብቻ ነው። ሲሻለኝ ነው የሚብስብኝ ይላል።

ሲፈታ ፀጉሩ ሁሉ ሸብቷል። እኔ ከጀጎል ወጥቼ አዲሱ ከተማ ቤት ተከራይቼ ነበርና ወደዚያ ወሰድኩት። ብዙም ሳይቆይ የሐጂ ባለቤት በባጃጅ መጡ፤ የልጅ ልጃቸው ደግፋቸው። ወንድሜ ሲያያቸው ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

«ታመህ እንደነበር አውቃለሁ» አሉት። «እሳቸውም ያውቁ ነበር። እኔ ላላህ ብዬ ትቼዋለሁ። ግን እኛ ሰፈር አትምጣ፤ ልጆቼ አሉ።»

«አልመጣም፣ እማማ» አላቸው።

ያቀረብኩላቸውን ውኃ ጠጥተው ሄዱ። በዓመቱ እሳቸውም አረፉ። ሐዘኑ ላይ መሄድ አልቻልንም።

ወንድሜ አሁን ከግቢ አይወጣም። ሰሞኑን ሬዲዮው በየቦታው ስለሚዘዋወረው መሣሪያ ደጋግሞ ያወራል፤ የሚከራከሩትም የተማሩ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ቁጥጥር ይላል፣ ሌላኛው ሕክምና ይላል። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጋደም እንዳለ ያዳምጣል። ልዝጋው ወይ ስለው፣ ተይው ይለኛል።