ጥንዱ አልተገኘም

ሲዳማ ውስጥ፣ አዲስ ከተማ በሚባል ሰፈር በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ኤሌክትሮን ከኤሌክትሮን ላጋባ ስደክም ኖሬያለሁ። ቀልዴን አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ለዶክትሬቴ የያዝኩት ጥናት ደግሞ አተሞቻቸው እንደ ወረቀት በተደራረቡ ቁሶች ውስጥ ኤሌክትሪክ ምንም ሳይባክን ማለፍ ይችል እንደሆነ ማስላት ነው። ይህ የሚሆነው ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ ሲሆኑ ብቻ ነው። ለየብቻ ከሄዱ እየተጋጩ ጉልበታቸውን ይጨርሳሉ። እኔ በመረጥኩት ቁስ ውስጥ ጥንዱ ካልተገኘ ሦስት ዓመቴን ውኃ በላው ማለት ነው።

አከራዬ እድሜያቸው የገፋ ጸሎተኛ የሲዳማ እናት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ሳፈጥ እያዩኝ አንድ ቅዳሜ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ጥንድ ነው የምፈልገው አልኳቸው። ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ እንደሚገፋፉ፣ ግን አንዱ ሲያልፍ አተሞቹ ተነቃንቀው ወደ እሱ ጠጋ እንደሚሉ፣ ሌላውም በዚያ ተስቦ እንደሚመጣ አስረዳሁ። የስፖንጅ ፍራሼን ሳይቀር በእጄ ተጭኜ አሳየኋቸው፤ አንዱ ሲቀመጥበት ይሰረጉዳል፣ ሌላው ወደዚያው ይንሸራተታል። ፍራሹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡና ወጡ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የጸሎት ጓደኞቻቸው ሳሎናቸው ይሰበሰባሉ። ግድግዳው ስስ ነው። ከሲዳምኛው መሃል "ጥንድ" የምትል ቃል ስትደጋገም፣ "መምህሩ" ስትከተላት ሰማሁ። ለካ ሚስት እንዲሰጠኝ ነው የሚጸልዩልኝ። ደሜ ፈላ። ሄጄ ላርማቸው ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ከተማ በየሳምንቱ ስሜን የሚያነሳ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ከሰዓት ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ፣ ጸሎተኞቹ ከሄዱ በኋላ፣ መብራት እየሄደ ስንቴ እንደ አዲስ የጀመርኩት ስሌት አለቀ። የአተሞቹ ንዝረት ደካማ ነው፤ ቁሱ የፈለገውን ያህል ቢቀዘቅዝ ኤሌክትሮኖቹ አይጣመሩም። አዲስ አበባ ላሉት አማካሪዬ ደወልኩ፤ አላነሱም። ሌላ የምነግረው ሰው ፍለጋ ስልኬ ላይ ያሉትን ስሞች እስከ መጨረሻው ወረድኩ። አንድም አላገኘሁም፤ ከፋኝ።

ግቢ ስወጣ አከራዬ አግዳሚው ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ።

"እማማ፣ ጥንዱ አልተገኘም" አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። "እምቢ አለች?"

ኤሌክትሮን ነው እኮ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ማንንም ጠይቄ አላውቅም።"

ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና ግማሹን ጎመን ጭኔ ላይ አስቀመጡ።

"ታዲያ በምን ትወቅ፣ ልጄ?" አሉኝ።