አዝማሪው ሳይዘፍን እንዲበላ

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባሉት ገበያዎች እንደዚያ አዝማሪ ማሲንቆ የሚመታ ሰው አልሰማሁም። በማንኩሳ ገበያ ከጨው ነጋዴዎቹ ጀርባ ቆሞ ይጫወታል። እኔ በርበሬዬን ሸጬ ገበያው እስኪበተን ዓይኔን ከግራ እጁ ጣቶች አልነቅልም። ቤት ስመለስ በፍየል ቆዳና በፈረስ ጭራ ራሴ በሠራሁት ማሲንቆ ያየሁትን እሞክራለሁ። ትንሿ ጣቱ ጭራውን ዳሰስ ስታደርግ የምታወጣውን ድምፅ ግን አንድ ቀንም አላገኘሁት።

በአገራችን አዝማሪ ይወደዳል፤ ማዕድ ላይ ግን አይቀመጥም። ሰው በልቶ እስኪነሣ ቆሞ ያዜማል፤ ከዚያ በሩ አጠገብ የተረፈውን ይበላል። እኔ ሳርስም ሳጭድም ሌላ ግብዣ አስብ ነበር። እሱ መደቡ ላይ ከአባቴ በስተቀኝ ይቀመጣል። ማሲንቆው ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ማንም ዝፈን አይለውም። በልቶ እጁን ሲታጠብ ስለዚያች ጣት እጠይቀዋለሁ።

ጣሊያን ቡሬ ከገባ በኋላ አዝማሪው አርበኞቹን በግጥም አሞገሰ ተብሎ ይፈለግ ጀመር። ገበያ የሚወጣው አልፎ አልፎ ሆነ። ሁዳዴ ሊፈታ ሲቃረብ አንድ ቀን አገኘሁትና ደፈርሁ።

«የፋሲካ ማግስት እኛ ቤት ምሳ ይብሉልኝ» አልሁት።

«ይብሉ? ለአዝማሪ አንቱታ!» ብሎ ሳቀ። «ማን ሊዳር ነው?»

«ማንም። እንዲሁ እንዲበሉ ብዬ ነው።»

ሳቁን ተወ። «ሳልዘፍን?»

«ሳይዘፍኑ።»

ቤታችን የት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። «እመጣለሁ» አለ።

እናቴ ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ፈረሰኛው ነው። ፈረሰኛ ከዶሮው ብልቶች መካከል የቤቱ ጌታ ድርሻ ነው።

«ለማን ላወጣው ነው?»

«ለእሱ።»

«አባትህሳ? ክንፍ ይብላ?»

አባቴ ከውጭ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ «እንግዲያ እኔም በርሬ ልሂድላችሁ!» አለ። እንቢ ግን አላለም።

በቀኑ መደቡን ለቅልቄ፣ ደርቆ ሲያበቃ አዲሱን አጎዛ አነጠፍሁ። ወጡ ከምድጃ ሳይወርድ የፈረስ ኮቴ ሰማን። የመጣው የእናቴ የአጎት ልጅ ነው፤ ለጣሊያን ያደረ፣ ጠመንጃ የያዘ ባንዳ። እንኳን አደረሳችሁ ብሎ የመጣ ዘመድ በፋሲካ አይመለስም፤ ጠመንጃ የያዘውማ በምን አፍ? ፈረሱን ከነጣሊያን ኮርቻው አጥራችን በር ላይ አሰረና አጎዛው ላይ ተቀመጠ። እኔ እጁን አስታጠብሁ። እናቴ ፈረሰኛውን ለእሱ አወጣችለት።

ዓይኔ ወደ መንገዱ ይሄድብኛል።

«አንተ ልጅ፣ ሙሽራ ትጠብቃለህ እንዴ?» አለኝ ባንዳው።

«ማንንም አልጠብቅም።»

ስንት ጊዜ ይምጣልኝ ስል የኖርሁ ሰው ያን ቀን እንዳይመጣ ጸለይሁ። አልመጣም።

ከሳምንት በኋላ ማንኩሳ ገበያ አንዱ ጨው ነጋዴ ወደ ዳር ጠራኝ።

«አዝማሪው መልእክት ሰዶልሃል። ‹ከቤታቸው በር የባንዳ ፈረስ ታስሮ አይቼ ተመለስሁ። ሳልዘፍን ሊያበሉኝ የፈለጉት ለካ ለዚህ ነው› ብሏል።»

ባንዳው ሳንጠራው የመጣ ዘመድ እንደሆነ ነገርሁት። እንዲነግርልኝም ለመንሁት።

«ወንድሜ፣ ጫካ ገብቷል። የት አገኘዋለሁ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም የሚመጣውን መንገደኛ እጠይቃለሁ። አየሁት የሚል አላገኘሁም። ግብዣውን ማሰብ ትቻለሁ። አሁን የማስበው መንገድ ላይ ብንገናኝ ምን እንደምለው ነው። ነገሩን ከየት እንደምጀምር ደጋግሜ አስተካክላለሁ፤ በመጀመሪያ ስለ ዘመድነቱ፣ ወይስ በመጀመሪያ ስላለመጥራታችን? ብጀምርም በሐሳቤ እንኳ ሳልጨርስ እሱ ማሲንቆውን ትከሻው ላይ ያደርግና መንገዱን ይቀጥላል።