በደጀ ሰላም የምትወርደው ልጅ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ማክሰኞ ነበር። ነጠላዬን ደርቤ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሰቆጣ ወዳለው የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነበርኩ። ሩጫና መረብ ኳስ አውቃለሁ። የተዛወርኩት ለሩጫ መስሎኝ ነበር።

ኃላፊው ስድስት ብስክሌት ከመጋዘን አስወጥቶ ከግድግዳው ጋር አስደግፏል።

«መምህርት፣ የታዳጊዎች ብስክሌት ፕሮጀክት ተፈቅዶልናል። አሠልጣኟ እርስዎ ነዎት» አለኝ።

«ብስክሌት መንዳት አልችልም» አልኩት።

«ልጆቹ ይችላሉ። እርስዎ ሰዓት ይያዙ።»

በሦስት ሳምንት መንዳት ተማርኩ። ሰው ሳያየኝ ብዬ ገና ሲነጋ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነበር የምለማመደው። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው። ካቴና ማስተካከልና ጎማ መለጠፍ ያስተማረኝ በገበያው ዳር የሚሠራ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። «መምህርት፣ እጅዎ ካልጠቆረ አልተማሩም ማለት ነው» ይለኝ ነበር። እጄ ጠቆረ። ቅዳሜ ማታ፣ ለቅዳሴ ስዘጋጅ፣ ጥፍሬን በሎሚ አጸዳ ነበር።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። ስለ እሱ አልጽፍም። ሲያልፍ ከስድስቱ ብስክሌት ሁለቱ ቀሩን። ከልጆቹ ግን ማንም አልጎደለም። ተመስገን።

ብርቄ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ከጋዝጊብላ ወደ ሰቆጣ ወርዳ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። እናቷ ወይዘሮ ታደሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቅ በአህያ ይልኩላት ነበር። ብስክሌት ነድታ አታውቅም። በሁለተኛው ወር ዳገት ላይ ወንዶቹን ቀደመቻቸው።

አንድ ልማድ ነበራት። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስታልፍ ትወርዳለች። በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ደጀ ሰላም ሲደርስ ወርዶ፣ አማትቦ፣ እጅ ነስቶ ነው የሚያልፈው። ብስክሌቱንም እንደ በቅሎ ነው የምናየው። ልጆቹ ሁሉ ይወርዳሉ፤ እኔም እወርዳለሁ። የብርቄ አወራረድ ግን የተለየ ነበር። ብስክሌቱ ሳይቆም ቀኝ እግሯን በኮርቻው ላይ አዙራ በግራ በኩል መሬት ትረግጣለች። ሁለት እርምጃ ሮጣ ትቆማለች። አማትባ ጎንበስ ትላለች። ከዚያ እየሮጠች ዘላ ትወጣለች። ሌሎቹ ገና ፔዳላቸውን ሲፈልጉ እሷ ሄዳለች። የሰቆጣን መንገድ የሚያውቅ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደምትወርድ ይገባዋል።

በዚያው ዓመት ለአሠልጣኝነት ኮርስ ተላክሁ። አስተማሪው የሳይክሎክሮስ ውድድር በቪዲዮ አሳየን። በሣር፣ በጭቃና በአሸዋ ላይ በአጭር ዙር የሚደረግ የብስክሌት ውድድር ነው። መንገዱ ላይ ሳንቃ ይጋረጣል፤ ደረጃም ይኖራል። ተወዳዳሪዋ እዚያ ስትደርስ ትወርዳለች፤ ብስክሌቱን አንሥታ ወይም በትከሻዋ ተሸክማ ትሮጣለች፤ ወዲያው ትወጣለች።

«ይኼ ውድድር ነው ወይስ የሸክም ሥራ?» አለ ከጎኔ የነበረው አሠልጣኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ብርቄን አሰብኩ።

ስመለስ ለኃላፊው ነገርኩት። «አስፋልት ላይ ከትልልቆቹ ከተሞች ጋር መወዳደር አንችልም። ለዚህኛው ግን አገራችን ራሷ መስክ ናት» አልኩት።

«ብስክሌት ተሸክሞ የሚሮጥ ልጅ ሰው ቢያይ፣ የፕሮጀክቱ ብስክሌት ሁሉ ተበላሸ ይለኛል» አለ። ኋላ ግን «በሁለት ልጆች ይሞክሩት» አለኝ።

የባሕር ዛፍ አጣና ከጉልበት ዝቅ አድርገን አጋደምን። ለአሸዋ የደረቀ ወንዝ አለን። ለደረጃ የትምህርት ቤቱ ደረጃ አለን። ጭቃ ግን የለንም። ሰው ለውሃ ጀሪካን በሚያሰልፍበት አገር ሜዳ ላይ ውሃ አላፈስም። ስለዚህ ከብት የሚጠጣበትን ቦታ አስፈቅጄ ከብቶቹ ሲመለሱ በረገጡት ጭቃ ውስጥ አሠለጠንኳቸው።

አንድ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ጠሩኝ።

«መምህርት፣ እነዚህ ልጆች ምን አጥፍተው ነው?»

«ምንም አላጠፉም አባቴ። ሥልጠና ነው።»

«አይ እንግዲህ! ቢያጠፉማ ምን ልታደርጊያቸው ነው?»

በአንድ ሥልጠና አርባ ጊዜ መውረድ፣ አርባ ጊዜ መውጣት። ሰዓት የምይዘው ከዙሩ ይልቅ ለዚያ ነበር። ብርቄ አርባውን ጨርሳ ወደ ቤቷ ስትሄድ በየደጀ ሰላሙ ደግሞ ትወርዳለች። ባየኋት ቁጥር «ጎበዝ!» እላት ነበር። ይህን አስታውሱልኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። ወይዘሮ ታደሉ እቤቴ መጡ።

«መምህርት፣ ውለታዎን አልረሳም። ግን ልጄ ሃያ ልትሞላ ነው። እህቷ አረብ አገር ሥራ አግኝታላታለች። ፓስፖርቷም ወጥቷል» አሉኝ።

«ኅዳር መጨረሻ የብስክሌት ምርጫ ውድድር አለ። ከሃያ ሦስት ዓመት በታች ሁለት ሴቶች ለዓለም ውድድር ወደ ውጭ ይወሰዳሉ» አልኳቸው።

«ብትመረጥስ ምን ይሆንላታል?»

«ክለብ ያያት ይሆናል። ክለብ ከያዛት እዚሁ አገሯ ሥራ አላት። ቃል አልገባልዎትም።»

«በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር ብዬ አልጠይቅም፤ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

ታላቋ ልጄ አረብ አገር ሰው ቤት ከገባች አራት ዓመቷ ነው። «የእኔን ማስቀረት አልቻልኩም» አልኳቸው።

ወይዘሮ ታደሉ ፓስፖርቱን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። «ከተመረጠች ይፈልጉታል። ካልተመረጠች ለገና መጥቼ እወስደዋለሁ። እሷንም እንደዚያው።» ፓስፖርቱን ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አስቀመጥኩት። በየጸሎቱ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር።

ምርጫው ደብረ ብርሃን ነበር። ከዋዜማው መስኩን በእግሬ ዞርኩ። አሠልጣኝ ማድረግ ያለበት ይህንን ነው። ደብተሬ ላይ ሁሉንም ጻፍኩ፦ ሁለት ሳንቃ፣ አንድ ደረጃ፣ የሚያንሸራትት ጥምዝ፣ ውርጭ የሚቆይበት ጥላ። ማርሽ የት እንደምትቀይር ለብርቄ አሳየኋት። ከመስኩ ጫፍ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር። እዚያ ስንደርስ ሁለታችንም አማተብን፤ እጅ ነስተን ቀጠልን። ደብተሬ ላይ ግን አልጻፍኩትም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተለቀቁ። ስድስት ዙር ነው። ብርቄ ከጅምሩ ሁለተኛ ነበረች። ደጀ ሰላሙ ጋ ስትደርስ ቀኝ እግሯን በኮርቻው ላይ አዞረች። ወረደች። ቆመች። አማተበች። ጎንበስ አለች። ሦስት ሴቶች አለፏት። አንዳንዶቹ በአንድ እጃቸው እያማተቡ ነበር ያለፉት፤ የወረደ ግን የለም።

በሁለተኛው ዙርም ወረደች። ሰባተኛ ሆነች።

አጠገቤ የቆመ የሌላ ከተማ አሠልጣኝ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ ልጅዎ የመጣችው ለውድድር ነው ወይስ ለንግሥ?» አለኝ። ከኋላው ያሉት ሳቁ።

አልተቆጣሁም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በየደጁ ስትወርድ «ጎበዝ» ያልኳት እኔ ነኝ። መስኩን ስዞር ያንን ደጅ ተሳልሜው አለፍኩ እንጂ እንደ መሰናክል አልቆጠርኩትም። ልጅቷ ለገና አረብ አገር መሄዷም ሆነ መቅረቷ በእሱ ላይ ነበር።

አትውረጂ ልላት አልቻልኩም። መውረዷ ጥፋት አይደለም። እንዳትወርድም ሆነ እንድትወርድ ማዘዝ ከበደኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ በአጥሩ ዳር ሮጬ ደጀ ሰላሙ ጋ ደረስኩ። በሦስተኛው ዙር ስትመጣ አየኋት። ቀኝ እግሯ ከፔዳሉ ተነሥቷል።

በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና ጮህኩላት፦ «እለፊ! እኔ እሰግድልሻለሁ!»

ወዲያው ግንባሬን መሬት አስነካሁ። ማለፏን አላየሁም። ፊቴ ሣሩ ላይ ነበር። ካቴናዋ ሳያቋርጥ አጠገቤ ሲያልፍ ግን ሰማሁ።

በአራተኛው ዙር ሰገድኩ። በአምስተኛውም። ቀና ባልኩ ቁጥር ከፊቷ ያለው ሰው ይቀንሳል። በስድስተኛው ሦስተኛ ሆና መጣች፤ ሁለተኛዋ ከፊቷ አሥር እርምጃ ያህል ቀድማለች። ብርቄ ደጁን አለፈች፤ እኔም ተከትያት ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ሁለቱ ሳንቃዎች ነበሩ። ሁለተኛዋ ልጅ ፍሬን ይዛ፣ ቆማ፣ ወረደች። ብርቄ አልቆመችም። ሰቆጣ ላይ እንደምትወርደው ወረደች፤ ሁለቱን ሳንቃ ዘለለች፤ ዘላ ወጣች። መስመሩን ሁለተኛ ሆና አለፈች።

አቀፍኳት። ሁለታችንም ጭቃ ነበርን። «መምህርት፣ ግንባርዎ ላይ ሣር አለ» አለችኝ። 

ያ ቀልደኛ አሠልጣኝ መጣ። «እማማ፣ ይቅርታ። ያ አወራረድ የማን ሥልጠና ነው?» አለኝ።

«የእኔ አይደለም። በደጀ ሰላም የተማረችው ነው» አልኩት። የምቀልድ መስሎት ሳቀ።

ሰቆጣ ስመለስ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ልጅ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳትወርድ እንድታልፍ ጮኼባታለሁ አልኳቸው። ሁሉንም በዝርዝር ነገርኳቸው።

«ስንት ጊዜ አለፈች?» አሉኝ።

«አራት ጊዜ፣ አባቴ።»

«አንቺስ ስንት ሰገድሽ?»

አሰብኩ። በመጨረሻው ዙር ሮጫለሁ። «ሦስት» አልኳቸው።

«እንግዲያው አንድ ይቀርሻል። ተነሺና ስገጂ፤ ሌላ ቀኖና የለብሽም» አሉኝ። እዚያው ሰገድኩ። ቀና ስል እየሳቁ ነበር።

ለወይዘሮ ታደሉ በስልክ ደወልኩ። «ፓስፖርቱን ለገና መጥተው አይወስዱትም» አልኳቸው።   «እልል ልበል ወይስ ጾም ነው ብዬ ልተው?» አሉኝ። «ይበሉ» አልኳቸው። አሉ።

ከሥዕሉ ሥር ያለው ፓስፖርት ለአረብ አገር ተብሎ ወጥቶ ለብስክሌት ቪዛ ተመታበት። ከብርቄ ጋር እኔ አልሄድኩም። ለሁለቱ ልጆች አንድ አሠልጣኝ ብቻ ነበር የተፈቀደው፤ እሱም ከአዲስ አበባ ተመደበ። በውድድሩ ዋዜማ ደወለችልኝ።

«መምህርት፣ በረዶ ነው። ከጭቃውስ የእኛ ከብቶች ጭቃ ይሻላል፤ ይኼኛው እጅ ያደነዝዛል።»

«በሶሽን በጥብጠሽ ጠጥተሻል?»

«ጠጥቻለሁ።»

«መስኩን ዞርሽ?»

«ዞርኩ። ደጀ ሰላም የለበትም። ግን ሳላየው የማልፈው እንዳይኖር ብዬ ነገ ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሬ አምስት እሰግዳለሁ። አምስት ዙር ነው።»

በዚህ ውድድር ከመሪዋ በጣም የራቀች ተወዳዳሪ ሳትጨርስ ከመስኩ ትወጣለች። ብርቄ አልወጣችም። ሠላሳ አራተኛ ሆና አምስቱንም ዙር ጨረሰች። ሰቆጣ ውስጥ ለጠየቀኝ ሁሉ «ጨረሰች» አልኩ። ቁጥሩን የጠየቀኝ ኃላፊው ብቻ ነበር፤ ነገርኩት፤ «ከዓለም?» አለ። «ከዓለም» አልኩት። ተነሥቶ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው። ዛሬም አለ።

አሁን ብርቄ ክለብ ይዟታል። በሚቀጥለው ዓመት በትልልቆቹ ምድብ ትወዳደራለች። ወይዘሮ ታደሉ ባለፈው ወር ታናሿን ይዘው መጡ። «ይቺኛዋ ደግሞ አትወርድም፤ እየጋለበች ነው የምታልፈው፤ ይገሥጹልኝ» አሉኝ። ተቀበልኳት። ከደሃና የመጡ ሁለት ሴት ልጆችም አሉኝ። ብስክሌቶቻችን አምስት ሆነዋል። በሥልጠና ጊዜ በየደጀ ሰላሙ ሁላችንም እንወርዳለን፤ ያንን አልተውነውም።

ታላቋ ልጄ በሳምንት አንድ ቀን ትደውላለች። ስለ ብርቄ ትጠይቀኛለች። እነግራታለሁ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ አሠልጣኞች የምለው አንድ ነገር ነው። ከውድድር በፊት መስኩን በእግራችሁ ዙሩ። ልጃችሁ የምትወርድበትን ቦታ ሁሉ ጻፉ፤ ዳኞቹ ሳንቃ ያላጋደሙበትንም።