በገመዱ ጫፍ ያለችው ሴት

ኮርዶባ ዳርቻ ወዳለው፣ ክበባችን ትንንሽ አውሮፕላኖችን ከመሬት ሆኖ በእጅ መቆጣጠሪያ ወደሚያበርርበት ሜዳ፣ እሁድ እሁድ ከባሏ ጋር ትመጣለች። ስሟን የጠየቃት የለም፤ የአንሴልሞ ሚስት ነች፣ በቃ። ጥፍሯን አሳጥራ ቆርጣ፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ አስራ ነው የምትመጣው። መኪና ውስጥ እንኳ አውራ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይለማመዳሉ፤ አንድ ዙር ራሷ ብታበርር ይበቃታል።

አንሴልሞ የእሱንና የእሷን መቆጣጠሪያ በገመድ ያያይዛል፤ ያለ ገመዱ የእሷ ምንም አይሠራም። የእሱን ቁልፍ ተጭኖ ሲይዝ ትንሿን አውሮፕላን እሷ ታበርራለች፣ ሲለቀው ግን እሱ ነው። የክበቡ ሰዎች ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻያቸውን እየተቀባበሉ፣ "ሚስቱን የሚያስተምር ወንድ ማለት ይኼ ነው!" ይሉለታል። ዓይን የላቸውም? ጣቱ ያን ቁልፍ ነክቶት አያውቅም!

ባለፈው እሁድ አውሮፕላኗ ሣሩ ላይ በቀስታ አረፈች። ተጨበጨበ።

"አየሽ የኔ ወፍራም፣ ራስሽ አሳረፍሻት!" አላት እንደ ልማዱ አቆላምጦ።

መቆጣጠሪያዋን ከፍ አድርጋ አሳየችው። ገመዱ መሬት ላይ ወድቋል።

"አውሮፕላኗ ከመነሳቷ በፊት ነው የነቀልኩት" አለችው።

"ይቺ ቀልደኛ!" ብሎ ሳቀ። ሁሉም አብረውት ሳቁ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገመዱን አነሳና መልሶ ሰካላት።