እህቴ ልኬት መያዝ የተወች ጊዜ

ታናሽ እህቴ የሴት ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ «ባለ ሜትሯ» ይላታል፤ ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅማ። ሱቋ በሩን ሲገቡ የስፌት መኪናው፣ ከጎኑ መስታወቱ፣ ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ነበር የሰፈሩ ሴት ሁሉ ገላ የተሰቀለው። አንዴ የለካቻትን ሴት ቅርጽ በወፍራም ወረቀት ቆርጣ፣ ስሟን ጽፋ፣ ጉድለቷን ለራሷ ብቻ በሚገባት ምልክት ጠቆም አድርጋ ትሰቅለዋለች። የማን ትከሻ ዘመም እንደሚል፣ የማን ጡት በሕመም እንደተቆረጠ ከእሷ ሌላ የሚያውቅ የለም። ደንበኛዋ ጨርቋን ጥላ መሄድ ብቻ ነው፤ መለካት የለ፣ መመላለስ የለ። ደግ ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን ሬዲዮው፣ «ሳይፈቀድለት የሰው የግል መረጃ ይዞ የተገኘ ይቀጣል» አለ። እኔ ሳቅሁ። እሷ ግን ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ይዛኝ ወረዳ ቢሮ ሄደች።

«ልኬት የግል መረጃ ነው ወይ?» አለችው ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠውን ሰውዬ።

«ሊሆን ይችላል እማማ።»

«እንግዲያው ላቃጥለው?»

«ያቃጥሉት አላልኩም።»

«ላስቀምጠው?»

«ያስቀምጡትም አላልኩም። መመሪያው ሲወጣ ይመለሱ።»

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«እኛም እየጠበቅን ነው።»

ስንመለስ፣ «እትዬ፣ ሰውየው እኮ ያን ሁሉ አውርቶ ምንም አልነገረኝም» አለችኝ።

ወረቀቶቹን አውርዳ በጆንያ አሰረቻቸው። እንዳትጥላቸው ሰው ያነሳቸዋል፣ እንዳታቃጥላቸው የዕድሜ ልክ ሥራዋ ናቸው፣ እንዳትሰቅላቸው ቅጣቱን ፈራች። ከዚያ ወዲህ እየለካች፣ ሳትጽፍ፣ በልቧ መያዝ ጀመረች። ስትቆርጥ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ያን ሰሞን አንዲት የሰፈራችን አስተማሪ፣ የድሮ ደንበኛዋ፣ ለሴት ልጇ ሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፋች። ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ ነው፤ እህቴ ስፖንጅ እያስገባች ስታስተካክልላት ነው የኖረችው። ልትሞክረው የመጣች ዕለት የሙሽራው እናት አብራት ነበረች፤ እኔም ጥግ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ለካ እህቴ ስፖንጁን በቀኝ በኩል ሰፍታዋለች! ከፍ ያለው ትከሻ ጭራሽ ተሰቀለ።

«ውይ፣ ትከሻሽ እንዲህ ነበር እንዴ?» አለች የሙሽራው እናት።

አስተማሪዋ መስታወቱን አየችና ቀሚሱን አውልቃ፣ አጥፋ፣ መኪናው ላይ አኖረችው። «ስንት ዘመን ደብቀሽልኝ ነበር እኮ» አለቻት ቀስ ብላ። በቃ፣ በዚያው ቀረች።

አሁን እህቴ ዚፕ መቀየርና ጫፍ ማጠፍ እንጂ ሌላ ሥራ አትቀበልም። ባለፈው እንደ ቀልድ አድርጌ ጨርቅ ይዤላት ሄድኩ።

«ነይ ልኪኝ እንጂ።»

«አልችልም እትዬ።»

«እህትሽ አይደለሁም?»

«እህት መለካት ይቻላል ያለኝ ማን ነው?»

እስክትስቅ ቆሜ ጠበቅኋት። እሷ የሰው ሱሪ ዚፕ እየነቀለች፣ «እባክሽ ከበሩ ዘወር በይ፣ ጋረድሽኝ» አለችኝ።