ፈረንሳይ ደጅ ላይ የተወለቀ ጫማ

ልጄ ከምንኖርበት ከሜልቦርን ፈረንሳይ ወስዳኝ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ በግንብ የታጠረች የጥንት ከተማ አሳየችኝ። የግንቡ በር አናት ላይ የእመቤታችንን ምስል ሳይ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር መስሎኝ፣ ጫማዬን አውልቄ ደጁን ተሳልሜ ገባሁ። ውስጡ ለካ ሱቅና ምግብ ቤት የሞላበት መንደር ነው!

"ማሚ፣ ፕሊስ! ሰው እያየን ነው፤ ተመለሽና ጫማሽን አድርጊ!" አለችኝ።

ተሳሳትኩ ልበላት? ሞቼ ነው!

"እነሱ ስለሸቀጡበት እመቤቴ ደጇን ትለቃለች?" ብያት፣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ እየዘለቀ ከተማውን በባዶ እግሬ ዞርኩ። ደግሞስ ይህን ሁሉ ድንጋይ የካበ ሰው ለገበያ ብሎ ብቻ ነው የካበው? እያልኩ አሰብኩ።

ጫማዬን ወስደውት ይሆናል እያልኩ ወደ በሩ ስንመለስ፣ የማላውቃቸው ፈረንጆች የየራሳቸውን ጫማ አውልቀው ከጎኑ ደርድረዋል።